ከበሩ ሥር የጎደለችው

ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ብርቅ ነው ይባላል። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መውደድ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ግን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። የግንባታ ዕቃ መደብሩ ባለቤት አንድያ ልጅ ከደረሰባቸው አንዷ ናት። የምትወደው ሰው እዚያው ከተማ ውስጥ እየኖረ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደውልላት፣ አንድ መስመር ሳይጽፍላት፣ በደጇ ሳያልፍ ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የያዘው ሰንሰለት የለም፤ ቃል ገብቷል፤ ያውም ለአባቷ።

ታሪኩን ከመሃል ስለጀመርኩባችሁ እንዳይቆረቁራችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሱሪው ጉልበት በሲሚንቶ የነጣ አንድ ረጅም ሰው ወደ መደብሩ ገባና አመድማ ቀለም ያላት አንዲት ሴራሚክ እንድትሸጥለት ጠየቃት። አንዲት ብቻ። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰበረች ሊተካ ነው።

«በአንድ አንሸጥም። በካርቶን ነው የምንሸጠው» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

«እኅቴ፣ አንድ ካርቶን እኮ ዘጠኝ ነው። የቀረውን ምን ላድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ? ቤት ሥራበት።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ሳቁን ሰምታ ቀና አለች፤ ቀና ባትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ካርቶኑን ተሸክሞ ሄደ። በሳምንቱ ዓርብ ተመልሶ ያንኑ አመድማ ሴራሚክ አንድ ካርቶን ገዛ። በሌላው ዓርብም እንዲሁ። ትልቅ ሥራ ይዞ ይሆናል ብላ አሰበች፤ «እንዲህ ከሆነማ አንድ ላይ ለምን አትወስደውም?» አለችው። «የምሸከመው በጀርባዬ ነዋ» አላት። ዓርብ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ማየት ያበዛችው ከዚያ ወዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ካርቶን፤ ከዚያ ያ ቀለም አለቀ። ሴራሚክ ደግሞ አንዴ የተመረተበት ቀለም ካለቀ ሁለተኛ በትክክል አይመጣም። ቀለሙ ቢያልቅም ሰውየው አልቀረም፤ አንዴ ምስማር፣ አንዴ ብሩሽ፣ አንዴ ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ ይመጣል።

የመደብሩ ሠራተኞች «ውሃ ልክ» ይሉታል። ወለልና ግድግዳ መቅናቱን የምታሳየው መሣሪያ፣ ውሃ ልክ፣ ከኋላ ኪሱ አትጠፋም፤ እሱ ራሱም ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ሳያቃና ወደ ባንኮኒው ደርሶ አያውቅም። እሱ በተራው እሷን «ካርቶን» አላት። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ስድብ ነበር።

መደብሩ ጥግ፣ ወላጆች ዕቃ ሲመርጡ ልጆች እንዳይሰለቹ የተቀመጠ የ«ጠቅታ» ሳጥን አለ። ጠቅታ ማለት እነዚያ እርስ በርስ ጠቅ እያሉ የሚገጥሙ ባለቀለም የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው። ፋብሪካው ለስልክም ጨዋታ አውጥቶላቸዋል፤ በጡቦቹ ከተማ ይገነባሉ። በሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር ያስገቡ ሁሉ በጨዋታው ውስጥ መሬታቸው ይጎራበታል። አንድ ዓርብ ደንበኛ ጭር ሲል ሁለቱ ከሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ቁጥሩን አስገቡና ጎረቤት ሆኑ። ሳቃቸው መጋዘን ድረስ ተሰማ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ አባቷ ከመጋዘኑ ብቅ ብለው።

እናም ውሃ ልክ እንደ ወግ ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቃቸው ሲመጣ አባቷ መልሳቸውን አዘጋጅተው ጠበቁት።

«እጅህን አውቀዋለሁ፤ እንከን የለውም። ግን እኔም ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሠላሳ ዓመት ተንበርክኬ ያነጠፍኩ ሰው ነኝ። አንጣፊ የሰው ቤት ሲያሳምር የራሱን የሚረሳ ፍጡር ነው። ልጄን ለዚያ አልሰጥም።» የልጃቸውን ፊት አዩ። «ደግሞ ጨካኝ እንዳትሉኝ። አንድ ዓመት። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ በር ላይ መገተር የለም። ዓመቱ በሚሞላበት ቅዳሜ እዚሁ ና። ያን ጊዜ ሁለታችሁም ያላችሁትን እሰማለሁ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ ካልራቀ ደግሞ እናያለን።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

እሺ! አንድ ቃል እንኳ ሳይከራከር! ልትጮኽበት ፈለገች። እሱ ግን ከመውጣቱ በፊት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አኖረላት። ከዚያው ከአመድማው አንዲት ሴራሚክ ነበረች። ጀርባዋ ላይ፣ አንጣፊዎች ልክ በሚጽፉበት ወፍራም እርሳስ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «የመጀመሪያዋ ከበሩ ናት። አንቺ ጋ ትቆይልኝ።»

ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ የነበራት ደብዳቤ ይኸው ነው። ጠዋት መደብሩን ስትከፍት ከባንኮኒው ሥር ታወጣታለች፤ ገልብጣ ታነባለች፤ መልሳ ትጠቀልላለች። ከዚያ ቀኑን ትጀምራለች።

*

ቃሉ በተገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጨዋታው ከተማ ውስጥ ከሷ መሬት ጎን ባዶውን የቆየው ቦታ ላይ አንዲት ጡብ አርፋ አገኘች። ስልኩን ይዛ ከወንበሯ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አባቷ ስልክ ብለዋል፣ ደብዳቤ ብለዋል፣ በር ብለዋል። ስለ ጠቅታ ያሉት ነገር ግን አልነበረም!

ጨዋታው የልጆች ነውና መጻጻፍ አይፈቅድም። ያሉት ስድስት ሥዕሎች ናቸው፤ ጭብጨባ፣ አበባ፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ የምትስቅ ድመት፣ የተኛ ጨረቃ። በነዚህ ስድስት ሥዕሎችና በጡብ ሁለት ጎልማሶች አንድ ዓመት ተነጋገሩ ቢባል ማን ያምናል? ግን ተነጋገሩ። ጡብ በጡብ አምስት መስኮት ያለው ቤት ሠራላት። ከሥራ በሰላም ሲገባ አንዱን መስኮት ያበራል፤ እሷም አይታ የአጥሯን ፋኖስ ትለኩሳለች። አንድ ጊዜ ትኩሳት አራት ቀን አልጋ ላይ ጣላት፤ ስልክ ለማየት አቅም አጣች። ሲሻላት ከፍታ ስታየው የአጥሯ በር በአበባ ተቀብሯል። ጨዋታው በቀን ከአሥር አበባ በላይ አያስልክም። ቆጠረቻቸው፤ አርባ ናቸው።

ናፍቆት ግን በአበባ አይጠግብም። ወራቱ ሲገፉ ድምፁ እየጠፋባት መጣ። ፊቱን ታስታውሳለች፣ ሳቁንም በመጠኑ፤ «ካርቶን» ሲላት የነበረው ቃና ግን ልትይዘው ስትል ያመልጣታል። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ራሷ «ካርቶን» ትላለች፤ የራሷ ድምፅ ነው የሚመለስላት። ያን ጊዜ ጣቷን በበራችው መስኮት ላይ ታሳርፋለች። ስልኩ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ይሞቃል። እሱም በዚያ ወገን እንዲሁ የሚነካት ይመስላትና ዓይኗን ትጨፍናለች።

ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ ማምሻውን ስልኳን ስትከፍት ቤቱ የለም።

አምስቱ መስኮቶች የሉም፣ ጣሪያው የለም፣ ከደጁ ያሉት አበቦች የሉም። ባዶው መሬት ላይ በአመድማ ጡብ የተሰመረ፣ በአንድ ጫፉ ትንሽ ክፍተት ያለው አንድ ረጅም ሳጥን ብቻ አለ፤ ውስጡ ደግሞ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መስመር ተሻግረው መስቀል ሠርተዋል። ደጋግማ አየችው። ከየትም ብታየው መቃብር ነው የሚመስለው።

ዝናብ ላከችለት። መልስ የለም። በማግስቱም ዝናብ፣ በሦስተኛው ቀንም ዝናብ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ወገን አንዲት መብራት አልበራችም። የሌላ ሴት ነገር ይሆን? ሰልችቶት ይሆን? ዓመት ሙሉ ጠብቆ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የሚያፈርስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ይልቅ ደህና አድርጎ ነግሯት ቢሄድ በተሻለ። ቅዳሜ ሠራተኛው ሁሉ እያያት በሩን ስትመለከት ልትውልለት ነው? አታደርገውም። ኩራቷን ቆልላ ቆልላ ከላይ ተቀመጠችበት፤ ከሥሩ ግን ልቧ እየደማ ነበር።

*

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ማለትም ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አባቷ ለምሳ ሊጠሯት ሲመጡ መጋዘን ውስጥ አገኟት። ገና ካልተሸጡት የሽንት ቤት መቀመጫዎች በአንዱ ላይ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ ቁጭ ብላ ትነፈርቃለች። ሰው ለማልቀስ የሚመርጠው ቦታ አይታወቅም።

«አባባ፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። አባቷ በሌላ ከተማ ሁለተኛ መደብር ከፍተው የሚያምኑት ሰው ካጡ ወራት አልፏል። «አዲሱን መደብር እኔው እይዘዋለሁ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ምንም የለም። ቀርቷል።»

ይህን ቃል ለመስማት ዓመት ጠብቀዋል። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈለገች፤ አላየችም።

«ምን አደረገሽ?»

ስልኳን ዘረጋችላቸው። ስለ ጨዋታው፣ ስለ ስድስቱ ሥዕሎች፣ ስለ መስኮቶቹ ሁሉንም ነገረቻቸው። አንዴ እንባው ከተከፈተ ምን ይደበቃል?

«ዓመቱን ሙሉ?» አሉ አባቷ።

«ዓመቱን ሙሉ። ስለ ጨዋታ ያሉት ነገር አልነበረማ።»

«ጉድ በል! እኔ በር በሩን ስጠብቅ በመስኮት ገባ በሉኛ!» ሊቆጡ ፈልገው ከንፈራቸው ከዳቸው። መነጽራቸውን አወጡና ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት።

«አዩት? ሰርዞኛል» አለች። «ቤቱን አፍርሶ መቃብር ሠራልኝ።»

አባቷ ስልኩን ቀስ ብለው አዞሩት፤ የሳጥኑ ክፍት ቦታ በሳቸው በኩል እስኪሆን አዞሩት፤ አንድ ክፍል ደጃፍ ላይ የቆሙ ይመስል። ከዚያ ሌባ ጣታቸው በመስመሩ ላይ መሄድ ጀመረች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራሉ። አንዴ ቆጥረው ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሴራሚክ ሸጠሻል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ሲነጠፍ ግን አንድ ቀን ቆመሽ አይተሽ አታውቂም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከሥራው ቦታ ያራቅኩሽ እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አንጣፊ ባዶ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄን ነው። ሲሚንቶ ሳይነካ፣ በደረቁ፣ አንድ መስመር ከበሩ እስከ ማዶ ግድግዳ ይደረድራል። ሌላ መስመር ከጎን ወደ ጎን። መሃል ላይ ይሻገራሉ። ይሄ ካልቀና የቀረው ሁሉ ጠማማ ነው። ልጄ፣ ይሄ መቃብር አይደለም። ይሄ ሰው ሥራ ጀምሯል።»

«የምን ሥራ? ጨዋታ እኮ ነው፣ አባባ።»

«የጨዋታማ ቤት አምስት መስኮት አለው። ይሄ የእውነት ክፍል ነው። ርዝመቱ አሥራ አራት ሴራሚክ፣ ወርዱ ሰባት፤ ተቆርጦ የሚገባ ቁራጭ የለውም! ሠላሳ ዓመት ሳነጥፍ ቁራጭ የማይፈልግ ክፍል አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰው ወለሉን በቤቱ ልክ ያነጥፋል። ይሄ እብድ ቤቱን በወለሉ ልክ ነው ያቆመው! ለመሆኑ ያን አመድማ ስንት ካርቶን ነው የወሰደው?»

የሒሳብ መኪና አላስፈለጋትም። አሥራ አንድ ዓርብ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ፤ ዘጠና ዘጠኝ። አንዷ በመጀመሪያው ቀን ሰው መታጠቢያ ቤት ገብታለች። አሥራ አራት ጊዜ ሰባት ዘጠና ስምንት ነው። ትልቅ ሥራ አልነበረውም። እሷን ለማየት ሲል በጀርባው እየተሸከመ ወስዶ አስቀምጧቸዋል፤ አንዲት ሳይሸጥ፣ አንዲት ሳይሰብር። «ቤት ሥራበት» ብላው ነበር። ለቀልድ ያለችውን ሁለት ዓመት በልቡ ይዞ ዞሯል።

«አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል» አሉ አባቷ፣ አሁንም ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «ከበሩ የሚነሳው መስመር አሥራ ሦስት ነው። ከበሩ ሥር ያለችው፣ የመጀመሪያዋ፣ የለችም። ጀማሪ ቢሆን ረሳት እል ነበር።»

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ወደ ባንኮኒው ሮጠች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ይዛ ተመለሰች። አባቷ ሴራሚኳን ገለበጧት። የእርሳሱን ጽሑፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፤ «የመጀመሪያዋ ከበሩ ናት። አንቺ ጋ ትቆይልኝ።» ከዚያ እሳቸውም ካጠገቧ ያለው መቀመጫ ላይ ክዳኑን ዘግተው ተቀመጡ።

«እናትሽ ሴራሚክ ሳትረግጥ ነው የሞተችው» አሉ። «የሰው ሳሎን ሳነጥፍ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ እሷ አቧራ እንዳይነሳ አፈሩ ላይ ውሃ እየረጨች ትጠርጋለች። ‹ነገ› እላታለሁ። ሁለት ካርቶን አስቀምጬላት ነበር፤ እሱንም ሰው ቸኮልኩ ሲለኝ ሰጠሁት። ነገ እንዳልኳት ሄደች። ይሄ ልጅ ሲመጣ እጁን አይቼ የፈራሁት ራሴን ነው።»

ሴራሚኳን በመዳፋቸው አበሷት።

«አባባ፣ ዝም ቢሉ እኮ ሰኞ እሄድልዎ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። ሴራሚኳን መልሰው ጭኗ ላይ አኖሩላት። «ግን ቀጥ ያለ መስመር አይቼ ጠማማ ነው ልበልሽ? አልችልበትም።»

ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ እንደገና አለቀሰች። እንባው ያው የቅድሙ እንባ ነው፤ አሁን ግን እያለቀሰች ምን ያህል እንደምትወዳቸው፣ ምን ያህል እንደምትወደው፣ ቅዳሜም ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታስብ ነበር።

*

ሁለቱ ቀናት ከዓመቱ ረዘሙ። ቅዳሜ ጠዋት መደብሩ ውስጥ የማይሠራ ሰው አልነበረም፤ አንዱ የተቆጠረውን ቧንቧ ይቆጥራል፣ ሌላው የተወለወለውን መደርደሪያ ይወለውላል። የሁሉም ዓይን በሩ ላይ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ገባ።

ከስቷል። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ የሱሪው ጉልበት ግን ያው እንደነጣ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነበር። አየው፤ ሳያቃናው አለፈ። ምን ያህል እንደፈራ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አለ። ወደሷ ዞረ። ዓመት ሙሉ ያላያቸው ዓይኖች ላይ ሲደርስ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት መሰለኝ፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው። «አንዲት ሴራሚክ ጎድላኝ ነበር።»

እንደ ምንም ብላ አፏን ከፈተች።

«በአንድ አንሸጥም። በካርቶን ነው የምንሸጠው።»

«አሥራ አንዱንም ካርቶን አንጥፌ ጨረስኩ እኮ፣ ካርቶን።»

ያ ድምፅ! ዓመት ሙሉ ልትይዘው ስትል ያመለጣት ቃና ይኸው ነው። ከምታስታውሰው ትንሽ ይጎረብጣል፤ ከምታስታውሰው በጣም ይሞቃል።

«ዝናብ ልኬልህ ነበር» አለች፣ ክስ መሆን ሲገባው ልመና ሆኖ ወጣ። «ለምን ዝም አልከኝ?»

«ስልኬ የሲሚንቶ ባልዲ ውስጥ ገባች። መስመሩን በዘረጋሁበት ዕለት። ግን መስመሩን አይተሽዋል አይደል? ይገባታል ብዬ ነው የዘረጋሁት።»

«መቃብር መሰለኝ።»

«መቃብር? ያ ቀጥ ያለ መስመር?» አለ፤ ከፍቅሩ ይልቅ ሙያው የተነካ ነበር የሚመስለው። ሠራተኞቹ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቁ ቆመ።

«ግድግዳው ቀጥ ነው?»

«በቱንቢ ነው ያቆምኩት፣ ጋሼ።»

«የማን ቦታ ላይ?»

«እናቴ የተወችልኝ ቁራሽ መሬት አለች። አንድ ክፍል ነው። ገና አንድ ክፍል ብቻ ነው።»

«ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ በሩ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከባንኮኒው መሳቢያ ጥልቅ ውስጥ አንድ አሮጌ የጎማ መዶሻ አወጡ። እጀታው በሠላሳ ዓመት እጅ ተልጎ ያብረቀርቃል። ውሃ ልክ እጁን ሊዘረጋ ሲል አልፈውት ለልጃቸው ሰጧት።

«ሁለታችሁም ያላችሁትን እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ ሰማሁ» አሉ። «ይቺን የመጨረሻዋን አንቺው ራስሽ አንጥፊያት። ቀስ አድርገሽ ምቺ። ሥሯ በደንብ ሳይሞላ እንዳትቸኩይ።» ከዚያ መነጽራቸውን የሚያጸዱ መስለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጋደል ያለውን የቀን መቁጠሪያ ራሳቸው አቃኑት።

እሷ ሴራሚኳን ከጋዜጣዋ ፈትታ ባንኮኒው ላይ አኖረቻት፤ ግን አለቀቀቻትም። እሱም በወዲያኛው ጠርዝ ያዛት። ጣቶቻቸው ከሥሯ፣ እርሳሱ በተጻፈበት በኩል፣ ተገናኙ። እጁ ደረቅ፣ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነበር። ዓመት ሙሉ በለስላሳው የስልክ መስታወት ላይ ስትነካው ኖራ፣ ይህን ረስታው ነበር።